ካህንና ንጉሥ በአንድ ወንበር? ከመካነ ኢየሱስ የአስተዳደር ታሪክ የምንማረው

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በላስታ ተራሮች መካከል፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያሠራው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ቦታውም በስሙ ይጠራል። በትውፊት እንደሚነገረው ይህ ሰው ንጉሥም ካህንም ነበረ፤ ይፈርዳልም፣ ይቀድሳልም። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ በክብር ያስበዋል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ሥልጣን በአንድ እጅ መያዝ ለሁሉ አይሆንም። ንጉሡ ዖዝያን በበረታ ጊዜ የካህናቱን ሥራ ሊሠራ ወደ መቅደስ ገባ፤ መጨረሻው ለምጽ ሆነ (2ኛ ዜና 26፥16-21)። ጥያቄው የእኛም የወንጌላውያን ነው። አንድ አገልጋይ ሰባኪም፣ የገንዘብ አዛዥም፣ ዳኛም መሆን አለበትን? የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ታሪክ በዚህ ላይ ብዙ ያስተምረናል። የምጽፈው ቤተ ክርስቲያኒቱን ወክዬ ሳይሆን ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ነው።

አመሠራረቷ

የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ልባቸው ያለው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተረጎሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ከዚህና ከሌሎች የሉተራን ሚሲዮኖች ሥራ የተገኙ ማኅበረ ምእመናን ተባብረው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1959) መካነ ኢየሱስን መሠረቱ። በ1974 የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ተቀላቀለች። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን ያሏት ሲሆን፣ ከዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባላት ትልቋ ናት።

ሥልጣን እንዴት ተከፈለ?

ምእመናን ሽማግሌዎቻቸውን ይመርጣሉ። ማኅበረ ምእመናን በሲኖዶስ፣ ሲኖዶሶች ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ይገናኛሉ። ከ1963 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩ ምእመን ናቸው። ከ1966 ጀምሮ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ምእመኑና ቄሱ በየድርሻቸው ጎን ለጎን አገለገሉ።

የዚህ ጥቅም በመከራ ቀን ታየ። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1979) ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ተወረሰ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ በአንድ ሰውና በአንድ ሕንፃ ላይ አልተንጠለጠለችምና አልሞተችም። የምእመናን ሽማግሌዎች ባሉበት ሥራው ቀጠለ።

ደንብ ብቻውን አይበቃም

ነገር ግን ከውጭ ያልተሰበረው ከውስጥ ተሰነጠቀ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የአምልኮ ቋንቋ ጥያቄ ተነሣ፤ ክርክሩም እስከ መለያየት ደረሰ። እርቅ የወረደው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መዋቅሩ ነበረ፤ ጉባኤውም ነበረ። የጎደለው ወንድም ወንድሙን በጊዜ መስማቱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ማጉረምረሙ የተነሣው ከግሪክኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ዐመፅ አልቆጠሩትም፤ ማዕዱንም በእጃቸው አላስቀሩም። ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ፤ የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። የተበደለው ወገን አደራውን ተቀበለ፤ የእግዚአብሔርም ቃል አደገ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአጥቢያህ መተዳደሪያ ደንብ ምን እንደሚል አንብበህ ታውቃለህን? የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት በጉባኤ ፊት ይቀርባልን? ሽማግሌዎች የሚመረጡት በጸሎት ነው ወይስ በዝምድና? ቅሬታ ያለው ሰው የሚሰማው አለን? ይህን መጠየቅ መጋቢን መናቅ አይደለም። እኔም መጋቢ ነኝ፤ ሸክሙን የሚካፈል ሽማግሌ ያለው አገልጋይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ዮቶር ለሙሴ የነገረውም ይህንኑ ነው (ዘፀ. 18)። ስለዚህ በሚቀጥለው የአጥቢያችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኙ፤ በፍቅር ጠይቁ፤ በጸሎት ምረጡ።

የቤተ ክርስቲያን ራስ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ ነው። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።