በአዲስ ስም ስለ መጠራት

ሰው ከአንዱ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ዕለቱን በሥርዓት ማክበር በየሕዝቡ ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። በአገራችን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ሥርዓት ጋራ አብሮ የሚገኘው ስም ማውጣት ስለ ሆነ፥ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል። በእስልምናም ልጅ በተወለደ በ7ኛው ቀን ዐቂቃ ታርዶ ስም ይሰጠዋል። ሰው ሲመነኵስ ለሞተ የሚጸለየው ፍትሐት በቁሙ ይደገምለትና አዲስ ስም ይቀበላል፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስም የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። ከነገሥታቱ መካከል ግን ለአዲሱ ኑሯቸው ስሙን ራሳቸው የመረጡ ነበሩ። የቋራው ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ካደረጉ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» ተባሉ። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ተነግሮ ስለ ነበር፥ ስሙ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሁለተኛው ካሣ፥ ካሣ ምርጫ፥ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ሲነግሡ «ዮሐንስ» ተባሉ። ተፈሪ መኰንን ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ አዲስ ስም አልፈለጉም፤ በሕፃንነታቸው የተሰጣቸውን የክርስትና ስም፥ ኃይለ ሥላሴን፥ የንግሥ ስም አደረጉት።

ስም መቀበል ዕዳ መቀበል መሆኑን ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ እንረዳለን። ትንቢቱ የሚናገረው ስለ ሰላም ዘመን ሲሆን፥ የእርሳቸው ዘመን አብዛኛው በጦርነት ዐለፈ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ሥርዓቱ መንገዱን ይከፍታል እንጂ ጕዞውን አይጨርስም።

እኛ ከዚህ ግቢ ስንወጣ የምስክር ወረቀት እንጂ አዲስ ስም አይሰጠንም። ሆኖም ለራሳችን ትንሽ ሥርዓት ማበጀት አያቅተንም። ይኸውም በስንብቱ ቀን እያንዳንዳችን በወላጆቻችንና በመምህሮቻችን ፊት ቆመን፥ ወደ ፊት ልንፈጽመው ያሰብነውን አንድ ቁም ነገር በቃላችን እንድንናገር ነው። ድግሱ ቢቀር እንኳ ምስክሩ አይቅር እንላለን።