በእግሩ መሃል ያለፈችው ኳስ

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን በፊልም ብቻ የምናውቀው ጨዋታ ነው፤ ዱላ፣ ጓንት፣ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው። እግር ኳስ የሌለው አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ስህተትን ይቆጥራል። የውጤት ሰሌዳው ላይ ለስህተት ብቻ የተመደበ ዓምድ አለ፤ በመዝገቡም ማን እንደተሳሳተ ከነስሙ ይሰፍራል። (የመሥሪያ ቤት አለቆች ይህን ባይሰሙ ይሻላል!)

በሌላ በኩል ለመቺዎች ደግ ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን በትክክል የመታ ሰው ጎበዝ ይባላል። ስለ ጽናት የሚሰብኩ ሰዎች ቤዝቦልን የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ «ሰባቴ ብትስት ምን አለበት?» ይሉናል። እኔን ይህ ስብከት አይጥመኝም። ነገ ሌላ ሙከራ ላለው ሰው መሳት ቀላል ነው። ከባዷ፣ ሁለተኛ ዕድል የሌላት አንዲት ስህተት ናት፤ እሷን የቀመሰው ደግሞ ቢል በክነር ነው።

በክነር ከ1969 እስከ 1990 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በትልቁ ሊግ ተጫውቷል። በዚህ ጊዜ 2,715 ጊዜ በትክክል መትቷል። በ1980 ለቺካጎ ከብስ ሲጫወት የናሽናል ሊጉ አንደኛ መቺ ነበር። ኳስ ተከላክሎ በመያዝም ሰነፍ አልነበረም፤ በ1985 አንደኛ ቤዝ ላይ ሆኖ 184 ጊዜ ኳስ ለጓደኞቹ አቀብሎ ተጋጣሚ አስወጥቷል። ይህ የቦታው ክብረ ወሰን እስከ 2009 አልተሰበረም።

አሁን ወደዚያች ምሽት እንሂድ፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1986፣ ኒውዮርክ፣ ሺ ስታዲየም። ቦስተን ሬድ ሶክስ ከ1918 ወዲህ ዋንጫ አላየም። በወርልድ ሲሪስ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል) ኒውዮርክ ሜትስን 3 ለ 2 እየመራ ነው። ስድስተኛው ጨዋታ አሥረኛ ዙር ደርሷል፤ ቦስተን 5 ለ 3 ይመራል፤ ቤዝ ላይ ማንም የለም፤ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ይቀራል። አንድ ሰው!

ሜትሶች በተከታታይ ሦስት ጊዜ መቱ፤ 5 ለ 4። የቦስተኑ ወርዋሪ ኳስ አመለጠችውና እኩል ሆኑ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ሙኪ ዊልሰን የመታት ኳስ መሬት ለመሬት እየነጠረች መጥታ በበክነር እግሮች መሃል ሾልካ ያለፈችው። ሜትስ 6 ለ 5 አሸነፈ።

ልብ በሉ፤ ኳሷ ስትመጣ መሪነቱ ቀድሞ ጠፍቷል። በክነር ቁርጭምጭሚቱ ለዓመታት የታመመ ሰው ነው፤ በዚያው ውድድር ቦስተን ሲመራ አሠልጣኙ መጨረሻ ላይ በሌላ ይተካው ነበር፣ ያን ምሽት ግን ሜዳ ላይ ተወው። ደግሞስ ሰባተኛ ጨዋታ ነበረ አይደል? ከሁለት ቀን በኋላ ቦስተን 3 ለ 0 ከመራ በኋላ 8 ለ 5 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ በክነር ሁለት ጊዜ በትክክል መትቷል። ጽናት ከተባለ እኔ የምወስደው ይህችን ነው፤ አገር ሁሉ እያየው ተመልሶ ዱላውን ማንሳቱን።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የ68 ዓመት ሽንፈት በአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ተጫነ። እግር ኳስ ወዳዶች ሮቤርቶ ባጂዮን ያስታውሳሉ፤ በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከእሱ በፊት ባሬሲና ማሳሮም ስተዋል፤ በጥሎ ማለፉ ጣሊያንን ለፍጻሜ ካደረሱት ስድስት ጎሎች አምስቱ የባጂዮ ነበሩ። ስሙ የቀረው ግን የሳተው ሆኖ ነው።

በክነርን የግድያ ዛቻ ተከተለው። ቦስተን በ1987 አጋማሽ አሰናበተው። እሱ ግን ሌላ ቡድን ፈልጎ ተጫወተ፤ በ1990፣ በ40 ዓመቱ፣ ወደዚያው ቦስተን ተመለሰና ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። ነገሩ ግን አልተዘጋም፤ ጨዋታ ካቆመ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ሩቅ አይዳሆ ገባ። ኳሷንስ? በ1992 ተዋናዩ ቻርሊ ሺን በጨረታ 93,500 ዶላር ከፍሎ ወሰዳት።

ቦስተን በ2004 ዋንጫውን አነሳ፣ በ2007 ደገመ። ኤፕሪል 8 ቀን 2008 በክነር ፌንዌይ ፓርክ ተጋብዞ የመክፈቻዋን ኳስ ወረወረ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ዕንባውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ከሃያ ዓመት በላይ «ቦስተን በክነርን ይቅር ትለው ይሆን?» እያለ ከርሟል። እሱ ግን ያን ዕለት ለጋዜጠኞቹ፣ በልቡ ይቅር ማለት የነበረበት ደጋፊውን ሳይሆን በእሱና በቤተሰቡ ላይ ያን ሁሉ ያደረሰውን ሚዲያ እንደሆነ ነገራቸው። በ2019፣ በ69 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ብዙዎቹ የዜና አርዕስቶች ያችኑ ኳስ አነሱ።