ዕድሜ ጠገብ የቮልስዋገን መኪኖችና የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ውጤት አስተማማኝነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በመንገድ ላይ የሚያገለግል ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋል። ምርመራውን ያለፈ ተሽከርካሪ በተለምዶ «ቦሎ» ተብሎ የሚታወቀው የዓመታዊ ምርመራ ምልክት ይሰጠዋል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የሚኖሩ የአሮጌ ቮልስዋገን ባለንብረቶች ሊያውቁት የሚገባው ቀዳሚ ጉዳይ፣ ምርመራው የሚመዝነው መኪናው የተመረተበትን ዓመት ሳይሆን በዕለቱ ያለበትን የቴክኒክ ሁኔታ መሆኑን ነው።

ሕዝቡ «ቮልስ» የሚላት ትንሽ መኪና በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። በጀርመን ምርቷ እ.ኤ.አ. ከ1980 በኋላ ስላልቀጠለ፣ ጀርመን ሠራሽ የሆኑት ሁሉ ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉ፣ በኋላም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ብዙ ባለንብረት ያለውን መኪና ጠግኖ መጠቀምን መርጧል። ምርጫው ተገቢ ነው። ሆኖም የቦሎው መለጠፍ ብቻ ለዚህ ዓይነት መኪና በቂ ዋስትና አይሆንም።

ዋናው ምክንያት ፍሬን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ገደማ በፊት የተመረቱት አብዛኞቹ ቮልሶች አንድ የፍሬን መስመር ብቻ አላቸው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም በአንድ ጎማ በኩል ዘይት ቢያፈስ የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የሚቀረው በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነው። የምርመራ መሣሪያው እያንዳንዱ ጎማ በዚያች ደቂቃ የሚይዝበትን ኃይል በትክክል ይለካል። ቱቦው ከውስጥ ማርጀቱን ወይም ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ግን አይናገርም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ምርመራው የሚካሄደው በሜዳ ላይ፣ ፍሬኑም ሳይግል ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ግን ከደጀን በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደውም ዓባይን የሚሻገረው ቁልቁለት ወርዶ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የፍሬን ዘይቱን ማስቀየር፣ የጎማ ቱቦዎቹን በአዲስ መተካት፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ከባለንብረቱ ይጠበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝገት ነው። በክረምት በገጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና በጎማዎቹ ላይ ባለው ሽፋንና በወለሉ ሥር ጭቃ ይይዛል፤ ጭቃውም እርጥበትን አቅፎ ይቆያል። በቮልስ ደግሞ ባትሪው የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ከላይ ይበላዋል። ብዙ ጊዜ ዝገቱ በቀለም፣ በስቱኮ ወይም በምንጣፍ ተሸፍኖ ይቀርባል። ይህ መርማሪውን አታሎ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚጎዳው ግን በመኪናው የሚሳፈረው ቤተሰብ ነው። ለምርመራ ከመሄድ በፊት ምንጣፉን አንሥቶ፣ ወንበሩን አውጥቶ፣ የጎኑን ላሜራ በጣት እየተጫኑ ማየት ለዝግጅቱ ይረዳል። የሞቀ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገቡት የጭስ ማውጫ ክፍሎች ከተበሱም የተቃጠለ ጋዝ ወደ ተሳፋሪው ይገባል።

ሞተሩ ከኋላ ያለና በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቺንጊያው ዲናሞውንም ማቀዝቀዣውንም በአንድነት ያዞራል፤ ቢበጠስ ቀይ መብራት ይበራል። መብራቱን እንደ ባትሪ ችግር ብቻ ቆጥሮ መንዳት የቀጠለ አሽከርካሪ ሞተሩን ያቃጥላል። ከፊት ካለው ታንክ ወደ ኋላ የሚመጣው የቤንዚን ቱቦ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ለእሳት አደጋ ምክንያት ይሆናል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ለመተካት ሰበብ አይኖርም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። በጭስ ምክንያት የወደቀ መኪና ሁልጊዜ የሞተር እድሳት አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ ካርቡራተሩን ማስተካከል ይበቃ ይሆናል።

ብዙ ባለንብረት ሳይዘጋጅበት የሚያጋጥመው ችግር የቁጥር አለመጣጣም ነው። የቮልስ ሞተር በቀላሉ ስለሚወርድ ባለፉት ዓመታት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ በኋላ ወንበር ሥር ባለው መካከለኛ አጥንት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው በሚቆምበት እግር ግርጌ ይገኛል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አንድ መሆናቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ሞተሩ የተቀየረ ከሆነም የተገዛበትን ማስረጃ ይዞ በተሽከርካሪ መዝገቡ ላይ ማስለወጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩን መፋቅ ወይም እንደገና መምታት ጉዳዩን ከአስተዳደር ወደ ወንጀል ያሸጋግረዋል።

ለምርመራው ዕለት ጎማ ተውሶ ገጥሞ፣ ካለፈ በኋላ አሮጌውን የሚመልስ ባለንብረት የምርመራውን ውጤት ራሱ ዋጋ ያሳጣዋል። መርማሪውም በመሣሪያ ንባብ ብቻ ሳይወሰን የመኪናውን የሥር ክፍል በዓይኑ ማየት አለበት፤ ተገልጋዩም የወደቀበት ምክንያት በዝርዝር እንዲገለጽለት መጠየቅ ይችላል። ጉድለቱ ተስተካክሎ መኪናው በድጋሚ ይቀርባል።

ለአገልግሎቱ የሚመጣ ባለንብረት ሊብሬውን፣ የቀድሞውን የምርመራ ማስረጃና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገውን ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን መድን ይዞ ይቀርባል። በአካባቢው ፈቃድ ያለው የምርመራ ተቋም የትኛው እንደሆነና የክፍያውን መጠን አስቀድሞ በፍኖተ ሰላም ከዞኑ፣ በቡሬ ደግሞ ከከተማው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከአላስፈላጊ ምልልስ ያድናል።