ሰሌዳ የሌለው አሰልጣኝ፦ የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱና የከፍታ ክርክር



የአሰልጣኝን የሥራ ዘመን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ቁጥር ነው። በአሜሪካ ፉትቦል የሚታወቁት ጆን ጋግሊያርዲ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 2012 ድረስ በሚኒሶታ ሴንት ጆንስ በተባለ አነስተኛ የካቶሊክ ኮሌጅ አሠልጥነዋል። ቀደም ሲል በሞንታና ካገኙት ጋር ተደምሮ 489 ድል ተመዝግቦላቸዋል፤ በልምምድ ጊዜ ተጫዋቾቻቸው እርስ በርስ እንዳይጣጣሉ መከልከላቸው ሳይቀር ተጽፎላቸዋል። ዛሬ የማነሣቸው ሰው ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የላቸውም።

ስንታየሁ እሸቱ በአርሲ፣ በበቆጂ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ሩጫ የሚወዱትን ልጆች እየለዩ ያሠለጥኑ ነበር። በእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ፋጡማ ሮባ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ እያንዳንዳቸው የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰዱ። በአንድ ኦሎምፒክ፣ በሁለቱ ርቀቶች፣ በወንድም በሴትም የተሰጠው ወርቅ በሙሉ የአንዲት አነስተኛ ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ሆነ።

ለዚህ የተለመደው ማብራሪያ ከፍታ ነው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በእግራቸው ነው። ማብራሪያው ስሕተት አይደለም፤ ግን ከሚገባው በላይ ሥራ ተጭኖበታል። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ቢቸናና ሞጣም ከዚያ አይርቁም። የእነዚህ ከተሞች ልጆችም እግረኞች ናቸው። አራት መቶ ሜትር ልዩነቱን ያመጣል የሚል ተከራካሪ ቢኖር፣ የኬንያዋን ኢተንን አስታውሰዋለሁ። ኢተን ከፍታዋ ከደጀን ጋር ተቀራራቢ ሲሆን የዓለም ሻምፒዮኖች መፍለቂያ ሆናለች። እዚያም የምናገኘው አንድ መምህር ነው፦ አየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት የመጡት ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር፤ የሩጫ ሥልጠና ልምድ አልነበራቸውም። የ800 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤቱ ዴቪድ ሩዲሻ የእርሳቸው ሠልጣኝ ነው።

እንግዲህ ከፍታው በብዙ ቦታ አለ፤ በጥቂት ቦታ ብቻ የተገኘው በየዓመቱ አዲስ የተማሪ ትውልድ በፊቱ የሚያልፍለት፣ ከቦታውም ሳይነቃነቅ ዓመታትን የቆየ መምህር ነው። መቆየቱ ዋናው ነገር ይመስለኛል። ደራርቱ ካሸነፈች በኋላ በበቆጂ የምትሮጥ ልጅ የምትከተለው ምሳሌ በሩቅ አገር የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ለጥሩነሽማ የአጎት ልጅ ነበረች። ያንን ምሳሌ ወደ ዕለታዊ ልምምድ የሚለውጥ ሰው ግን አስፈላጊ ነበር። (በቋንቋችን «ደጀን» ማለት ከኋላ ሆኖ የሚያግዝ ኃይል መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ሳያስፈልግ አይቀርም ብዬ ነው።)

የምስጋናው ድልድል ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ተስፋ ያለው ሯጭ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ይሄዳል፤ ከዚያም ብሔራዊ ቡድን ይረከበዋል። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የድሉ ባለድርሻ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ካሜራው የሚደርሰው መጨረሻው ላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እጅ ከመዝገብ ይጎድላል። ስንታየሁ እንኳ ለዓለም በሰፊው የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ስለ በቆጂ ሯጮች በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙም ጥሩ ነገር አድርጓል፦ ካሜራውን ያዞረው ሻምፒዮን ወዳልሆኑ ሁለት ልጃገረዶች ነው።

የእኔ ቅሬታም ከዚህ ይነሣል። የአንድን መምህር ሥራ በአራት ሜዳልያ ባለቤቶች ብቻ የሚመዝን ታሪክ፣ አብረዋቸው ንጋት ላይ ሮጠው ወደ እርሻ፣ ወደ ንግድ ወይም ወደ ማስተማር የሄዱትን ብዙኃን ይጥላል። እነርሱን የምናገኘው በየትምህርት ቤቱ የስም መዝገብና በቀድሞ ተማሪዎች ቃል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከደጀን፣ ከቢቸናና ከሞጣ ትምህርት ቤቶች መጀመር ትችላላችሁ፤ የስፖርት መምህራኑ እነማን ነበሩ፣ ስንት ዓመት ቆዩ፣ ሲዛወሩስ ማን ተካቸው?