ከ«ሀልገን» ወደ «ነበድ»፦ የአንድ ታጋይ ጉዞና የሰላም ቃላት በሐርጌሳ

የሐርጌሳ ወረዳዎች ስያሜ ለቋንቋ አጥኚ ብዙ ይናገራል። ጋአን ሊባህ «የአንበሳ እጅ» ማለት ሲሆን፣ ኢብራሂም ኮድቡር የተሰኘው ወረዳ ግን የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋይ መታሰቢያ ነው። በሕይወት የተረፉት ታጋዮችስ በቋንቋው ውስጥ ምን ዐሻራ አኖሩ? የቦቤ ዩሱፍ ዱዓሌ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል።

ንቅናቄው እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን ላይ ተመሥርቶ በ1982 መቀመጫውን ወደ ኢትዮጵያ አዛወረ። ቦቤ ያገለገሉበት ራዲዮ ሀልገን የሚያሰራጨውም ከኢትዮጵያ ምድር ነበር፤ «ሀልገን» ትግል ማለት ነው። በ1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ሲስማሙ ንቅናቄው ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የመንግሥት ጦር ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን አፈራረሳት፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ።

ከ1991ዱ የቡርዖ ጉባኤ በኋላ የቀድሞ ጓዶች እርስ በርስ ተዋጉ። የቦራማ ጉባኤ በ1993 በሽማግሌዎች (ጉርቲ) መሪነት ዕርቅ አወረደ፤ በ1994ም ታጋዮች በሐርጌሳ ስታዲየም መሣሪያቸውን አስረከቡ። ሆኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያ ዳግም ፈነዳ። ትጥቅ መፍታት ብቻውን ሰላም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ቦቤ ከጦርነቱ በኋላ በሐርጌሳው የሰላምና ልማት አካዳሚ በተመራማሪነት ሠሩ። ተቋሙ ተቀናቃኞችን ለውይይት ከማቀራረቡም በላይ አገር በቀሉን የዕርቅ ሂደት መዝግቦ በ2008 ለኅትመት አብቅቷል። እርሳቸው የባለቅኔውን የአብዲላሂ ሱልጣን ቲማዓዴን ሥራዎች ሰብስበው ያሳተሙ የቃል ግጥም ዐዋቂም ናቸው። ይህ ዕውቀት ለትግሉም ለሰላሙም ያገለገለ ስንቅ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ በሶማሌ ዘንድ ግጥም ጦር ያስነሣል፣ ደምም ያደርቃልና።

የዕርቁ መዝገበ ቃላትም ከውጭ የተዋሰው ጥቂት ነው። ተኩስ አቁም «ሐባድ ጆጂን»፣ ጥሬ ፍቺው «ጥይት ማቆም»፣ ይባላል። ዕርቅ ደግሞ «ዲብ ኡ ሄሺሲን» ሲሆን፣ «ዳግም ማስማማት» እንደ ማለት ነው፤ አስቀድሞ ስምምነት እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «ነበድ ኢዮ ዓኖ፣ ዖል ኢዮ አባር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ሰላምን ከወተት፣ ጠብን ከድርቅ ጋር ያጣምራል።

ስለዚህ የታጋዩ ጉዞ ቋንቋ የመለወጥ ጉዞ አልነበረም፤ ከአንድ ጎተራ ሌላ ዘር የማውጣት እንጂ። ጎተራው ያለው ግን በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ሳይቀዳ ካለፈ የሚጠፋው የጦርነቱ ሳይሆን የሰላሙ ታሪክ ነው።