በገዛ ጫካው በእንግድነት የሚያስጎበኝ ሰው

ዛሬ ከናካዋ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። እዚሁ ካምፓላ ነው የተወለደችው። ከትምህርት ቤት ስለ ኡጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች የቤት ሥራ ተሰጥቷት ስለ ጎሪላ አብረን ስናነብ፣ «አባዬ፣ ድሮ እዚያ ጫካ ውስጥ ማን ይኖር ነበር?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ፈልጌ ሳገኘው ግን የእኛው አገር ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ።

በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በኮንጎ ድንበር አካባቢ፣ ባትዋ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ከጥንት ጀምሮ ቤታቸው ጫካው ነበር። እያደኑ፣ ማር እየቆረጡ፣ ሥራሥር እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። በ1991 መንግሥት ብዊንዲንና ምጋሂንጋን ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ባትዋዎችን አስወጣቸው። ምክንያቱ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀሩትን የተራራ ጎሪላዎች ማዳን ነበር። ጎሪላዎቹም ድነዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዛሬ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ጎሪላ ለማየት ለመግቢያ ፈቃዱ ብቻ 800 ዶላር ይከፍላል።

የካሳውን ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። እርሻ የነበራቸው ጎረቤቶች ካሳ ሲያገኙ፣ ባትዋዎች አብዛኞቹ ምንም አላገኙም። እነሱ ጫካውን መንጥረው አላረሱትም፤ እንዳለ ነው የኖሩበት። ስለዚህ ባለይዞታ ተብለው አልተቆጠሩም። ዛፉን ያልቆረጠው ሰው መሬት እንደሌለው ታየ። ከዚያ በኋላ በሰው እርሻ ዳር ጎጆ ቀልሰው፣ በቀን ሥራና በልመና የሚኖሩ ሆኑ።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ2011 ምጋሂንጋ ውስጥ «የባትዋ መንገድ» የሚባል ጉብኝት ተከፈተ። አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ባትዋዎች ናቸው። ጉዞው ከሙሃቩራ ተራራ ግርጌ ይጀምራል። በመንገዱ ላይ እንጨት ከእንጨት አፋትገው እሳት ያወጣሉ፣ ማር እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ፣ የትኛው ቅጠል ለየትኛው በሽታ እንደሚሆን ይናገራሉ። መጨረሻው ጋራማ የሚባል ረጅም ዋሻ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሲያዜሙ ጎብኚው ዝም ብሎ ይሰማል። ከክፍያው የተወሰነው ለአስጎብኚዎቹና ለማኅበረሰቡ ይደርሳል።

ሥራው ጥሩ ነው። ልጆች ከአባቶቻቸው የጫካውን ዕውቀት የሚማሩበት ምክንያት አግኝተዋል። ግን ጠዋት የገባው አስጎብኚ ጉብኝቱ ሲያልቅ ከእንግዳው ጋር ይወጣል። ማደር አይችልም፣ ማደን አይችልም። «እዚህ እንኖር ነበር» ብሎ በኃላፊ ጊዜ ይናገራል እንጂ «ግቡ፣ ቤታችን ነው» አይልም።

ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ አጎቴ ደግሞ የግጭ ሰው ነው። ግጭን የማታውቁ፣ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብስ የሚበቅልበት የደጋ መንደር ነበር። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜንና ላሊበላ አብረው ገቡ። በ1996 ግን ስሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ከብቱ እየሰፋ ነው ተባለ። በ2016 የግጭ 418 አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

አጎቴ ከዚያ በፊትም በኋላም በቅሎ እየጫነ ቱሪስት ያጅብ ነበር። ከተነሱ በኋላ አንድ ቀን አብሬው ወጥቼ ነበር። እንግዶቹ ጭላዳ ፎቶ ሲያነሱ እሱ በበትሩ መሬቱን እያመለከተ «ይቺ የእኛ አውድማ ናት፤ እዚያ ጋ የእናትህ እናት ቤት ነበር» አለኝ። አስጎብኚው ለፈረንጆቹ የተራራውን ከፍታ እየነገራቸው ነበር። አውድማውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ደግሞ ስልኬን እያየሁ ነበር፤ ብዙውን አልያዝኩትም። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እኛስ? ብዙዎቻችን አገራችንን የተውነው በፓርክ ምክንያት አይደለም፤ የወጣንበት ምክንያት ሌላ ነው። ጉዳቱ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላል፦ ቦታው የሚያውቀውን ሰው ሲያጣ፣ ሰውየውም ቀስ በቀስ ቦታውን ይረሳል። እዚሁ ናካዋ በቅኝ ግዛት ዘመን ለአፍሪካውያን ሠራተኞች የተሠሩ ሰፊ የኪራይ ቤቶች ነበሩ። በ2011 ፈርሰው ነዋሪው ተበተነ። ዛሬ በዚያ በኩል በቦዳ ቦዳ የምናልፈው ስደተኞች ምን እንደነበረ የሚነግረን የለም።

ባትዋዎች ግን አልረሱም። በ2013 ለኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2021 ያለ በቂ ካሳ ከመሬታቸው መነቀላቸውን አረጋግጦ፣ ምን ሊደረግላቸው እንደሚገባ የካባሌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲወስን አዘዘ። ፍርድ በወረቀት ላይና ፍርድ በመሬት ላይ እንደሚለያዩ ስደተኛ አይስተውም። ቢሆንም አንድ ሕዝብ «ይህ ዛፍ፣ ይህ ዋሻ የኛ ነበር» ብሎ በስሙ መጥራት ካልቻለ ፍርድ ቤት ደጃፍም አይደርስም።

ስለዚህ ለልጄ የመለስኩላት ይህን ነው፦ «ባትዋዎች ይኖሩ ነበር፤ አሁንም መንገዱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።» «የእኛንስ ማን ያሳየኛል?» አለች። እሁድ ኔትወርክ ከፈቀደ ለአጎቴ እንደውላለን። አውድማው የት እንደነበር፣ ምንጩ ምን ይባል እንደነበር እሱ ይናገራል፣ እሷ ደብተሯ ላይ ትስላለች። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስልኬን አስቀምጬ እሰማለሁ።

እናንተም ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉ። የመንደራችሁን ወንዝ፣ የግጦሹን፣ የዋርካውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። ለእኔም ላኩልኝ፤ ሰብስቤ እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።