ባለቤቱ ያቀለለው አሞሌ

ከሚሴ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠራሁ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የለፋሁበት ነው። ባለሱቁ «በል እስቲ ልጄ፣ ሒሳብህን ንገረኝ» ሲሉኝ ከአፌ የወጣው «ኧረ ችግር የለም፣ የመሰለዎትን» ነበር። የመሰላቸውን ሰጡኝ። ለኢንተርኔት ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም።

አባቴ ሲሰማ አልተቆጣም። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» አለና ወደ ቡናው ተመለሰ። (ባለዕዳ እዚህ ላይ ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰው ነው።) ተረቱን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሞሌው ራሱ ምን እንደሆነ ግን ያን ማታ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት።

አሞሌ የጨው ገንዘብ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲያይ ሰው በጨው ይገበያይ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም አልጠፋም። ችግሩ ጨው መሆኑ ነው፤ ይሰበራል፣ ይሸረፋል፣ ዝናብ ይበላዋል። ስለዚህ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ተቀባዩም ጠርዙን ሳያይ አይወስድም። እንግዲህ አስቡት፣ የያዘው ሰው ራሱ «ኧረ ይሄማ ተሸርፏል» እያለ ቢያቀርበው ማን ይቀበለዋል? እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ለራሴ የማቀርበው ሰበብ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ባህላችን ራስን ማወደስ አይወድም። ታሪኩን ሳየው ግን ውሸት ነው። ፉከራና ሽለላ ምንድን ነው ታዲያ? ተዋጊው በጌታው ግብር ፊት ቆሞ ያደረገውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ስሙን ይጠራል፣ ሹመት ይጠብቃል። በእኛ ዞን የኦሮሞ ጌረርሳም ጀግናው ስለራሱ የሚናገርበት ነው። ማንም «ትዕቢተኛ» አይለውም። ነውር የተባለው ሌላ ነው፤ የሠራ ሰው «ሠራሁ» ሲል። ለገደለ ተፈቅዷል፣ ለቀጠቀጠና ለሸመነ አልተፈቀደም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነው። አንጥረኛው «ጠይብ»፣ ጸሐፊው «ጠንቋይ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ሸማኔውም ነጋዴውም አልቀረላቸውም። አዋጁ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ እንዲቆጠር አደረገ፣ እስራትም ጨመረበት። ጸሐፊ ጠንቋይ መባሉን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ኮድ ስጽፍ አክስቴ የምታየኝ እንደዚያው ነው። ግን አንድ ንጉሥ እንዲህ ያለ አዋጅ ለማውጣት ከተገደደ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ገምቱ። ስድብ በአዋጅ ከአደባባይ ሊወጣ ይችላል። ሠራተኛው ጉሮሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ማን ያስወጣዋል?

ባለፈው ሰኞ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ገበያ ሄድኩ። የአፋሩ፣ የኦሮሞው፣ የአማራው ሰው ዛሬም የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ የባቲ ቅኝት ስሙን የወሰደባት ከተማ። በከብቱ ተራ ደላላ አለ፤ ባለቤቱ ዝም ይላል፣ ደላላው ያወራለታል። ይሄ እኔን የሚያስቀና ሥርዓት ነው፤ ሶፍትዌር ተራ ግን ደላላ የለም። ስፌት የሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ቆምኩ። ገዢዋ ሌማቱን ከላይ ከላይ ስታየው ቀስ ብለው ገለበጡት። «ከሥሩ እይው እንጂ። እኔ ነኝ የሰፋሁት።» ከዚያ ዋጋ ጠሩ፣ በቃ። «ቆንጆ ነው» እንኳ አላሉም።

ማታ ስልኬን አወጣሁና ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ዕቃ ሲያልቅ እንዴት እንደሚያስጠነቅቅ፣ የዱቤ ደብተሩ የት እንዳለ፣ ባለፈው ወር ያስቸገረኝን ስህተት እንዴት እንዳረምኩት ጭምር። ከሥሩ መጀመሪያ የጻፍኩት «ይቅርታ ላስቸግራችሁ» ይል ነበር። አጠፋሁት። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ከነዋጋው ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት።

ጠዋት አንድ መልእክት ጠበቀኝ፤ ዋጋው እዚያው ተጽፎ እያለ «ስንት ነው?» ይላል። ጣቴ «የመሰለህን» ወደሚለው ሊሄድ ቃጣው። ቁጥሩን ደግሜ ጻፍኩለት፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር።